ከጠገራ እስከ ሽልንግ፦ በቀድሞ መገበያያዎቻችን ውስጥ ያለው ብር
በጎንደር ከተማ ለአንጥረኞች፣ ለነጋዴዎችና ለወጣቶች የተደረገ ንግግር

ክቡራን አባቶችና እናቶች፣ የተከበራችሁ አንጥረኞችና ነጋዴዎች፣ ወጣቶች፤

ዛሬ የምናገረው በየቤታችሁ ሙዳይ ውስጥ ስለተቀመጠ፣ አንዳንዶቻችሁም በአንገታችሁ ላይ ስላደረጋችሁት ነገር ነው። ጠገራ ብር፣ የምኒልክ አላድና ሩብ፣ የጃንሆይ ሃምሳ ሳንቲም በጎንደርና በዙሪያዋ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ እየተላለፉ እስከ ዛሬ ደርሰዋል። ነገር ግን ችግር መጥቶ ለገበያ ሲወጡ፣ ወይም ለሠርግ መስቀልና ድሪ እንዲሠራባቸው ወደ አንጥረኛ ሲሄዱ፣ ባለቤቶቻቸው በውስጣቸው ምን ያህል ብር እንዳለ ሳያውቁ በዐይን ግምት ይለቋቸዋል። ሻጩ ቀለሙን ያያል፤ ገዢው የተጻፈበትን ዘመን ያነባል፤ ደላላው ደግሞ ሻጩ ምን ያህል እንደቸገረው ይመዝናል። እኔ ላስረዳ የምፈልገው የአንድ ሳንቲም ብር በቀለሙም ሆነ በተጻፈበት ዘመን እንደማይታወቅ፣ የሚታወቀው በክብደቱና በንጽሕናው እንደሆነ፣ ይህንንም ማንኛችሁም በትንሽ ሚዛን ልትፈትሹት እንደምትችሉ ነው።

ንጹሕ ብር ለስላሳ ማዕድን ነው። ብቻውን ሳንቲም ቢሆን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቶሎ ያልቃል፣ ይጎብጣል፣ ምስሉም ይጠፋል። ስለዚህ ማተሚያ ቤቶች መዳብ ይጨምሩበታል። የንጽሕናው መጠን የሚነገረው ከሺህ እጅ ስንቱ ብር እንደሆነ በመግለጽ ነው፤ በሺህ 833 የሚባል ሳንቲም 833 እጁ ብር፣ የቀረው 167 እጅ መዳብ ነው ማለት ነው። የሳንቲሙን ክብደት በዚህ ቁጥር አባዝተን ለሺህ ስናካፍል በውስጡ ያለውን ብር በግራም እናገኛለን። ከዚህ ሌላ የሚያስፈልገን ሒሳብ የለም።

አሁን ወደ ጠገራው ልምጣ። በእኛ አገር ብዙ ዘመን የኖረው ይህ ነውና ጥቂት ልቆይበት።

ጠገራው ላይ የምትታየው ማርያ ትሬዛ እ.ኤ.አ. ከ1740 እስከ 1780 የነገሠች የኦስትሪያ ገዢ ናት። የእኛዋ እቴጌ ምንትዋብ በዚህ ከተማ ሆነው መንግሥት ያስተዳደሩበትና ቁስቋምን ያሠሩበት ዘመን ከእርሷ ዘመን ጋር የተገናኘ መሆኑን ለወጣቶቹ ማስታወስ እወዳለሁ። ሁለቱ እመቤቶች በአንድ ዘመን ኖረዋል፤ የአንደኛዋ ምስል ግን እርሷ ከሞተች በኋላ ሌላኛዋ በኖረችበት አገር ገበያ ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ ሲዞር ኖሯል። በዚያን ጊዜ በጎንደር ገበያ መገበያያው በዋናነት አሞሌ ጨውና በሚዛን የሚሰጥ ወርቅ ነበር። ጠገራው የገባው በቀይ ባሕር ንግድ በኩል ሲሆን፣ ከምጽዋና ከመተማ አቅጣጫ የሚመጡ ነጋዴዎች ይዘውት ይመጡ ነበር፤ ጨው ለትናንሹ ግዢ እንዳለ ቀጥሎ ጠገራው የትልቁ ንግድ ገንዘብ ሆነ።

የጠገራው ክብደት 28.07 ግራም፣ ንጽሕናው በሺህ 833፣ በውስጡ ያለው ብርም 23.39 ግራም ነው። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞተች በኋላ ማተሙ አልቆመም፤ ነጋዴዎች ይህንኑ ምስል እንጂ ሌላ ስለማይቀበሉ ዘመኑ ሳይለወጥ 1780 እንደተጻፈበት ቀጠለ። ከቪየና በተጨማሪ በሚላን፣ በቬኒስ፣ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስ፣ በቦምቤይና በሌሎችም ከተሞች ታትሟል። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ወደ መቅደላ ሲዘምት ለስንቅና ለጭነት የሚከፍለው በሚሊዮን የሚቆጠር ጠገራ ከቪየና አስመጥቶ ነበር፤ የአገሩ ሰው ሌላ ገንዘብ እንደማይቀበለው አውቆ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ደግሞ ሙሶሎኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ የማተሚያውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስዶ በሮም ማተም ጀመረ፤ እንግሊዞችም በዓመቱ በለንደን ማተም ጀመሩ። ቪየና እስከ ዛሬ ያትመዋል።

ስለዚህ አንድ ሰው 1780 የሚለውን አንብቦ «ይህ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሆነው ጥንታዊ ብር ነው» ቢላችሁ፣ የተጻፈው ዘመን ምንም አያረጋግጥም። ምናልባት የሁለት መቶ ዓመት ዕድሜ አለው፤ ምናልባትም የአያቶቻችን ወጣትነት ዘመን ዕቃ ነው። የብሩን መጠን በተመለከተ ግን ልዩነት የለውም፤ ትክክለኛ የማተሚያ ቤት ሥራ እስከሆነ ድረስ አሮጌውም አዲሱም ያው 23.39 ግራም ይዞ ነው የወጣው። ዕድሜው ለሰብሳቢ ዋጋ ይጨምር ይሆናል፤ ለአንጥረኛ ማቅለጫ ግን ምንም አይጨምርም። እነዚህ ሁለት ዋጋዎች ተቀላቅለው ሲነገሩ ሁልጊዜ የሚጎዳው የማያውቀው ወገን ነውና ለይታችሁ እንድትይዟቸው አደራ እላለሁ።

ጠገራው ይህን ያህል የታመነው ብሩ ስላልተቀነሰ ብቻ ነበር? በሰሜን የሆነው ነገር መልሱ ሁለት ወገን እንዳለው ያሳያል። ጣልያኖች ኤርትራን ከያዙ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1890 የንጉሣቸው የኡምቤርቶ ምስል ያለበትን ታለሮ አወጡ። ክብደቱ 28.125 ግራም ስለነበር ከጠገራው ይበልጥ ነበር፤ ንጽሕናው ግን በሺህ 800 ስለሆነ በውስጡ ያለው ብር 22.5 ግራም ብቻ ነበር። ልዩነቱ አንድ ግራም እንኳ አይሞላም፤ ቢሆንም ገበያው አልተቀበለውም። ይህ የብሩ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ግን ትምህርት ወስደው ንጽሕናውን በሺህ 835 አድርገው፣ ክብደቱን ከጠገራው ጋር አስተካክለው፣ ምስሉንም ማርያ ትሬዛን እንዲመስል አድርገው ሌላ ታለሮ አወጡ፤ ብሩ ከጠገራው በጥቂቱ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ ይህም አልሠራላቸውም። ሰው የሚያውቀው ፊት ያ አልነበረምና። ጠገራ የሚቀበል ነጋዴ የአክሊሏን ዕንቁዎች፣ በትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥና ከምስሉ ሥር ያሉትን ትንንሽ ፊደሎች አንድ በአንድ መርምሮ፣ ምስሉ የደበዘዘውን ይመልስ እንደነበር ተጓዦች ጽፈዋል። ያ ነጋዴ የላቲን ፊደል አያነብም፤ ግን እያንዳንዱ ምልክት የት መገኘት እንዳለበት ያውቅ ነበር። በእኔ አስተያየት ይህ ጠንቃቃነት ሊከበር የሚገባው ዕውቀት ነው፤ ቤተ ሙከራ በሌለበት አገር ምስሉን መመርመር ብሩን የመመርመር ምትክ ነበርና።

ዐፄ ምኒልክ የራሳቸውን ገንዘብ ሲያሠሩ ይህን ሁሉ ያሰቡበት ይመስላል። በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ የታተመው ብራቸው ክብደቱ 28.075 ግራም፣ ንጽሕናው በሺህ 835፣ ብሩ 23.44 ግራም ነው፤ ማለትም ከጠገራው በግራም መቶኛ አምስት ብቻ ይበልጣል። ከጠገራው እኩል እንዲሄድ ታስቦ እንደተሠራ ከቁጥሩ ይታያል። አላዱ 14.04 ግራም፣ ሩቡ 7.02 ግራም፣ ሁሉም በዚያው ንጽሕና ናቸው፤ ስለዚህ ሁለት አላድ ወይም አራት ሩብ ቢቀልጥ ከአንድ ብር የሚገኘውን ያህል ብር ይገኛል። መሐለቁም 1.40 ግራም በመሆኑ መጀመሪያ ሃያው ለአንድ ብር ሲመነዘር ሒሳቡ ልክ ነበር። ኋላ ግን አሥራ ስድስቱ ለአንድ ብር ሲመነዘር፣ በአሥራ ስድስቱ መሐለቅ ውስጥ ያለው ብር 18.75 ግራም ያህል ብቻ ሆነ፤ ትንንሹ ገንዘብ ከትልቁ ያነሰ ብር እየያዘ እንደ እኩል መዞር የጀመረበት ወቅት ይህ ነው። የምኒልክ ብር በአንበሳው ምስልና በግእዝ ጽሑፉ የአገራችን ኩራት ነው፤ ጠገራውን ከገበያ ማስወጣት ግን አልቻለም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ነጭ ሳንቲም ላስጠንቅቃችሁ እፈልጋለሁ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በነገሡበት በ1923 ዓ.ም. የተጻፈባቸው የመቶና ሳንቲሞች ወጥተው ነበር፤ መቶ መቶና አንድ ብር ነው። ከእነዚህ አሥር፣ ሃያ አምስትና ሃምሳ መቶናው ነጭ ናቸው፤ ሆኖም አንድም ግራም ብር የለባቸውም፣ የተሠሩት ከኒኬል ነው። ሃምሳ መቶናው ትልቅና የሚያብለጨልጭ ስለሆነ «የጃንሆይ ብር» ተብሎ በብር ዋጋ ሲሸጥ አይቻለሁ፤ በጣምም አዝኛለሁ። እርሱን መለየት እጅግ ቀላል ነው፤ ኒኬል በማግኔት ይሳባል፣ ብር አይሳብም። ከአሮጌ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣች ማግኔት ትበቃለች።

ከነጻነት በኋላ የመጣው ሃምሳ ሳንቲም፣ በተለምዶ ሽልንግ የምንለው፣ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው። 1936 ዓ.ም. የተጻፈባቸው ሳንቲሞች በአሜሪካ አገር በፊላዴልፊያ ታተሙ፤ ከአንድ እስከ ሃያ አምስት ሳንቲም ያሉት የመዳብ ሲሆኑ ሃምሳው ብቻ የብር ነበር። ሠላሳ ሚሊዮን ያህል ታትሞ፣ ከአምስት ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ ኦንስ በላይ ንጹሕ ብር ፈጅቷል፤ ብሩም አሜሪካ በጦርነቱ ጊዜ ለአጋሮቿ ከምትሰጠው እርዳታ የመጣ ነበር። ይህ ሁሉ ብር ለአንድ ሳንቲም የዋለበት ምክንያት ግልጽ ነው። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የወረቀት ገንዘብ ሲወጣ፣ ጠገራ በእጁ ሲመዝን የኖረ ገበሬና ነጋዴ ወረቀት እንዲቀበል ማሳመን ያስፈልግ ነበር፤ ወረቀቱን ሰጥቶ በምትኩ የሚያቃጭል ብር ማግኘት እንደሚችል ሲያይ ያምናል።

የሽልንጉ ክብደት 7.03 ግራም፣ ንጽሕናው በሺህ 800፣ ብሩ 5.62 ግራም ነው። እስኪ ይህን ከምኒልክ ሩብ ጋር አስተያዩት። ሩቡ 7.02 ግራም ይመዝናል፣ በውስጡም 5.86 ግራም ብር አለ። በክብደት እኩል የሆኑ ሁለት ሳንቲሞች ናቸው፤ በምኒልክ ዘመን ግን ይህ የብሩ ሩብ ሲባል፣ በ1936ቱ የብሩ ግማሽ ተባለ። በሌላ አነጋገር የአንድ ብር ዋጋ ያላቸው ሁለት ሽልንጎች የያዙት 11.25 ግራም ነው፤ ይህም ጠገራው ከሚይዘው ከግማሽ በታች ነው። አባቶቻችን ጠገራውን ለባንክ ከመመለስ ይልቅ ለምን ቀብረው እንዳስቀመጡት ሲጠየቅ «ኋላ ቀርነት ነው» ብለው የሚመልሱ አሉ፤ እኔ ግን በሚዛን የተደገፈ ውሳኔ ነበር እላለሁ። ብዙ ብር ያለበትንና ትንሽ ብር ያለበትን በአንድ ዋጋ ተቀበል የተባለ ሰው፣ ብዙ ብር ያለበትን ያስቀምጣል፣ ትንሽ ያለበትን ያወጣል።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሽልንጉ እ.ኤ.አ. በ1947 እንደገና ሲታተም ንጽሕናው ወደ 700 ዝቅ አለ፤ በላዩ የተጻፈው ዘመን ግን ያው 1936 ነው፤ ምስሉም ክብደቱም አልተለወጠም። አንደኛው 5.62 ግራም ብር ይዟል፣ ሌላው 4.92 ግራም። ልዩነቱ ለአንድ ሳንቲም ሰባት አሥረኛ ግራም ነው፤ መቶ ሽልንግ ለሚያቀልጥ አንጥረኛ ግን ሰባ ግራም ይሆናል። ይህን ልዩነት ዐይን አይለየውም፤ ቀጥዬ የማስረዳችሁ የውሃ ፈተና እንኳ በተራ ሚዛን አይለየውም፤ የሚለየው ባለሙያ በአሲድ ሲፈትሸው ወይም በመሣሪያ ሲመረመር ነው። ስለዚህ ሽልንግ በጅምላ የምትገዙ ሁሉ ሒሳባችሁን በ700 ብታደርጉ አትከስሩም፤ የምትሸጡ ደግሞ ከመካከሉ ባለ 800 መኖሩን አትርሱ። ሃያ አምስት ሳንቲሙም የራሱ ታሪክ አለው፤ መጀመሪያ ክብ ስለነበር፣ መልኩም ከሃምሳው ጋር ስለሚቀራረብ፣ ብር እየተቀባ እንደ ሃምሳ ይዞር ነበርና ኋላ ጠርዙ እንዲሸነሸን ተደረገ። የምናውቀው ባለ ሽንሽን ስሙኒ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። በ1969 ዓ.ም. የወጡት ሃያ አምስትና ሃምሳ ሳንቲሞች ከመዳብና ከኒኬል የተሠሩ ናቸው፤ ብር የለባቸውም።

ፈተናውን ላስረዳ። ንጹሕ ብር ለአንድ ሚሊ ሊትር መጠን 10.49 ግራም፣ መዳብ 8.96 ግራም ይመዝናል። ሁለቱ በጠገራው መጠን ሲቀላቀሉ 10.2 ገደማ ይሆናል። የግራም መቶኛ የሚያነብ ትንሽ ሚዛን ላይ ግማሽ ድረስ ውሃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጣችሁ ሚዛኑን ወደ ዜሮ ትመልሳላችሁ። ከዚያ ጠገራውን በቀጭን ክር አስራችሁ፣ ታችም ጎንም ሳይነካ፣ የአየር ኳስም ሳይዝ፣ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ ትሰቅሉታላችሁ። ሚዛኑ የሚያነበው ቁጥር ሳንቲሙ ያፈናቀለው ውሃ ክብደት ነው። 28.07 ግራም የሚመዝን ትክክለኛ ጠገራ 2.75 ገደማ ያነባል፤ ከመዳብና ከኒኬል ተሠርቶ ብር የተቀባው ግን 3.1 ይጠጋል። የሳንቲሙን ክብደት ለዚህ ቁጥር ስታካፍሉ 10.2 አካባቢ ካላገኛችሁ ተጠራጠሩ። እርሳስ ከብር ይከብዳልና ከቆርቆሮ ጋር ተመጣጥኖ የተቀላቀለ ሐሰተኛ ይህን ፈተና ሊያልፍ ይችላል፤ እርሱን የሚያጋልጠው ድምፁ ነው፤ ብር በጣት ጫፍ ተይዞ ሲመታ ረዘም አድርጎ ያቃጭላል፣ እርሳስ ግን ድፍን ነው፣ በጥፍርም ይጫራል።

ቀለም ለምን እንደሚያታልል አንጥረኞቻችን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ሆኖም ለወጣቶቹ ልናገር። አንድ ጠገራ ላይ አሥር ግራም መዳብ ጨምሮ ያቀለጠ ሰው 38 ግራም ዕቃ ያገኛል፤ ንጽሕናው ግን ከ833 ወደ 615 ወርዷል። ዕቃው ጥቂት ቀላ ይላል። በእሳት ሲግልና በሎሚ ወይም በሌላ አሲድ ሲታጠብ ግን ከላይ ያለው መዳብ ተቃጥሎ ይወገድና ከላይ ስስ የብር ሽፋን ይቀራል፤ ሥራው እንደ ወተት ይነጣል። ይህ በራሱ ማጭበርበር አይደለም፤ ብርን ማንጣት የሙያው አንድ ክፍል ነው። ማጭበርበር የሚሆነው መዳብ የተጨመረበትን ለደንበኛው ሳይነግሩ የጠገራ ብር ነው ብለው ሲሸጡ ነው። በአንጻሩ ንጹሕ ብር የተባለ መስቀል ቢጠቁር አትደንግጡ፤ ብር በአየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል።

በጎንደር የብር ሥራ ውስጥ ለእኔ እጅግ ውድ የሆነው የጠገራው አካል ሳይቀልጥ በቀጥታ ተቆርጦ የተሠራው የአንገት መስቀል ነው። እንዲህ ያለውን መስቀል ፊቱን ስታዩት የተቀረጸ ሐረግና ነጥብ ታያላችሁ፤ ገልብጣችሁ ወደ ብርሃን ዘንበል ስታደርጉት ግን ከመስቀሉ ክንድ ላይ የባለ ሁለት ራሱ ንስር ላባዎች፣ በጫፉም የላቲን ፊደል ቁራጭ ደብዝዘው ይታያሉ። አንጥረኛው ሊያጠፋቸው ይችል ነበር፤ ያላጠፋቸው ገዢው ከምን እንደተሠራ በዐይኑ እንዲያረጋግጥ ይመስለኛል። የዚህ መስቀል ንጽሕና ያለ ጥርጥር የጠገራው 833 ነው፤ ምንም አልተጨመረበትምና። እንዲህ ያለውን ዕቃ ለማቅለጥ የምታስቡ ካላችሁ እባካችሁ ቆም በሉ፤ ከማቅለጫው የምታገኙት ብር ከማንኛውም ያለቀ ጠገራ ታገኙታላችሁ፣ መስቀሉን ግን ዳግመኛ አታገኙትም። ከአገር ለማውጣት ለሚጠይቋችሁም፣ ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 እንደሚከለክል ንገሯቸው።

ስለ አለቀ ጠገራ ከአድማጮች ቀደም ብሎ ጥያቄ ደርሶኝ ነበር። ብዙ የዞረ ጠገራ ክብደቱ ይቀንሳል፤ 27.5 ግራም የሚመዝን ቢሆን በውስጡ ያለው ብር 22.9 ግራም ገደማ ነው፤ ንጽሕናው ግን አይለወጥም። ማንጠልጠያ የተበየደበት ደግሞ ከ28 ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ብየዳው የራሱ ብርና መዳብ ስላለው የውሃ ፈተናውንም ያዛባል፤ ስለዚህ ማንጠልጠያ ላለው ጠገራ በግምት ከመናገር ምስሉንና ጠርዙን መመርመር ይሻላል። አሮጌ ሳንቲምን በአመድና በሎሚ ማሸትም ብሩን በጥቂቱ ይልጠዋል፤ ለሰብሳቢ ያለውን ዋጋ ደግሞ ከግማሽ በላይ ሊያሳጣው ይችላልና ለመሸጥ ያሰባችሁትን አታጥቡት።

ሚዛኑ፣ የውሃው ብርጭቆና ማግኔቷ በፊት ለፊት ጠረጴዛው ላይ ቀርበዋል። ሳንቲም ይዛችሁ የመጣችሁ እየተራችሁ ቅረቡ፤ መጀመሪያ ክብደቱን በወረቀት እንጽፋለን፣ ከዚያ ውሃው ውስጥ እንሰቅለዋለን።